ስፌቱ ይቅደም፣ መቀሱ ይከተል

(በልብስ ስፌት ሠልጣኞች የምረቃ ዝግጅት ላይ የተደረገ ዲስኩር)



የዚህ ዝግጅት አስተባባሪዎች ሲጋብዙኝ «ስለ ልብስ ስፌት የሆነ ነገር ንገሩን» ነበር ያሉኝ። ስለ ልብስ ስፌት በአንድ ከሰዓት በኋላ ተናግሮ የሚጨርስ ሰው ግን እስካሁን አላየሁም። ስለዚህ ርዕሱን አጠበብኩት። አጥብቤ አጥብቤ ርዝመቷ ሁለት ሳንቲሜትር እንኳ የማትሞላ ነገር ላይ አደረስኩት። ዛሬ የምናገረው ስለ ቁልፍ ቀዳዳ ነው፤ ቤታችሁ ባለው የስፌት መኪና የሸሚዝ፣ የቀሚስና የዩኒፎርም ቀዳዳ እንዴት እንደሚሠራ ነው።

ለምን እሷን መረጥክ የሚል ይኖራል። መልሱን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ኮሌታ አሳምሮ የሚያዞር፣ እጅጌ ገጥሞ የሚተኩስ ሰው ቀዳዳው ላይ ሲደርስ ይቆማል። አንዱ ልብሱን አጣጥፎ መንደሩ ውስጥ ወዳለው ልብስ ሰፊ ይሄድና «ጋሼ፣ እባክዎ ቀዳዳውን ብቻ ያውጡልኝ» ይላል። ሌላዋ ቁልፉን ትተወውና ዚፕ ታደርግበታለች። የብዙዎቹ መኪና ግን ቀዳዳ የሚሠራበት መዞሪያ አለው፣ የቀዳዳ መስፊያ እግሩም ከነካርቶኑ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። የጎደለው ዕቃ አይደለም፤ ድፍረት ነው። ድፍረቱም የጠፋው በምክንያት ነው፤ አልቆ ያማረ ልብስ ላይ ስለት ማሳረፍ ያስፈራል።

የዛሬው ንግግሬ አንድ ሐሳብ ብቻ ነው ያለው። በቤት መኪና የሚሠራ ቀዳዳ መጀመሪያ ይሰፋል፤ የሚቆረጠው በኋላ ነው። ስፌት ይፈታል፣ የተቆረጠ ግን አይመለስም። እንግዲህ ሥራችሁን ሁሉ ከመቁረጡ በፊት ከጨረሳችሁት የሚያስፈራ ነገር አይቀርም። ይህን በአምስት ነጥብ ከፍዬ አቀርባለሁ፤ የቀዳዳው አሠራር፣ ልኩና ቦታው፣ የጨርቁ ዝግጅት፣ የመኪናው ሥራ፣ በመጨረሻም መቁረጡ።

ወደ አንደኛው ነጥብ ልግባ፤ ቀዳዳው ከምን ተሠራ?

ቁልፍ ያለው ሸሚዝ የለበሳችሁ፣ እባካችሁ አንዱን ቁልፍ ፍቱና ቀዳዳውን ወደ ዓይናችሁ አስጠግታችሁ እዩት። አትፈሩ፣ አዳራሹ ሞቅ ያለ ነው። ጎን ለጎን የሚወርዱ ሁለት ጥቅጥቅ ያሉ የዚግዛግ መስመሮች ታያላችሁ። የእያንዳንዱ ስፋት ወደ 2 ሚሊሜትር ይጠጋል። በመካከላቸው ግማሽ ሚሊሜትር የምታህል ጠባብ መንገድ አለች፤ ስለቱ የሚያልፈው በእሷ ላይ ብቻ ነው። ላይና ታች ደግሞ ሁለቱን መስመሮች አንድ ላይ ጠፍሮ የያዘ አጭር አግድም ስፌት አለ። እኔ መስመሮቹን «ጎን»፣ አግድሞቹን «ማሰሪያ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ሁለቱም የየራሳቸው ሥራ አላቸው። ጎኖቹ የተቆረጠው ድርና ማግ እንዳይተረተር ይይዛሉ። ማሰሪያዎቹ ደግሞ ቁልፉ በጎተተ ቁጥር ቀዳዳው ከጫፉ እየተቀደደ እንዳይሄድ ይከለክላሉ። የተማሪ ልጅ ያለው ሰው ይህን ያውቃል፤ ልጁ ሸሚዙን ቁልፍ በቁልፍ አይፈታም፣ ሁለት እጁን ይሰድና ይበረግደዋል። ያኔ ሸሚዙን የሚያድኑት ማሰሪያዎቹ ናቸው።

በእጅ የሚሠራ ባለሙያ ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው። እሱ መጀመሪያ ጨርቁን ይቆርጣል፤ ቀጥሎ የተቆረጠውን ጠርዝ በመርፌ እየቋጠረ ይዞረዋል። ሱፍ ኮት ላይ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ዛሬም ይሠራል፣ ውበቱም የታወቀ ነው። ግን ባለሙያው ገና ሲጀምር ቆርጧል፤ ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለውም። በመኪና ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ቤት ሠሪ መጀመሪያ መቃኑን አቁሞ በኋላ በሩን እንደሚከፍት፣ እኛም መጀመሪያ ጎኖቹንና ማሰሪያዎቹን እናቆማለን፤ ከዚያ እንከፍታለን።

ይህ ዕድል ለቤት ሰፊ ቶሎ አልደረሰም። አሜሪካዊው ኤልያስ ሃው የላይና የታች ክር እየተቆላለፈ የሚሰፋበትን መኪና ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1846 ነው። አይዛክ ሲንጀር የራሱን መኪና በ1851 አስመዘገበ፤ ስሙም በአገራችን የመኪናው መጠሪያ እስከመሆን ደረሰ። እነዚያ መኪኖች ግን የሚያውቁት ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ነበር፤ መርፌው ወደ ጎን አይሄድም። ወደ ጎን ካልሄደ ደግሞ ብቻውን የቀዳዳውን ጠርዝ መሸፈን አይችልም። ሄለን ብላንቻርድ የምትባል አሜሪካዊት የዚግዛግ መኪና በ1873 አስመዘገበች፤ ሆኖም ዚግዛግ በየቤቱ የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በአያቶቻችን ሳሎን የነበረው ባለ ፔዳሉ ጥቁር ሲንጀር ስንት ልብስ ሰፍቶ ቀዳዳውን ለእጅ ይተው የነበረው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ልኩና ቦታው ነው።

ርዝመቱን በዓይን አትገምቱ። ሕጉ ቀላል ነው፤ የቁልፉን ስፋት ከውፍረቱ ጋር ደምሩ። ስፋቱ 15 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር የሆነ ቁልፍ 18 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይፈልጋል። ይህ የሚለካው በሁለቱ ማሰሪያዎች መካከል ነው፤ ማሰሪያዎቹን ጨምራችሁ ከለካችሁ ቀዳዳው ይጠብባችኋል። ቁልፉ እንደ ኳስ የተድበለበለ ከሆነ ግን ይህ ድምር አይሠራም። ቀጭን ወረቀት ቅደዱና ወገቡ ላይ ጠቅልሉት፣ የገጠመበትን ምልክት አድርጉ፣ ዘርግታችሁ ለኩትና ለሁለት ክፈሉት። የቀዳዳችሁ ርዝመት እሱ ነው።

ቦታውን በተመለከተ አንድ ነገር ካወቃችሁ ሌላው ሁሉ ይከተላል፤ የተቆለፈ ቁልፍ ቀዳዳውን ተከትሎ ሲጎተት መካከሉ ላይ አይቀመጥም፤ ወደሚጎተትበት ጫፍ ይሄዳል። ልብስ በወገብና በደረት ላይ የሚጎተተው ወደ ጎን ነው። ስለዚህ ቀዳዳው አግድም ከሆነ ቁልፉ ጫፉ ላይ ሄዶ ይደገፋል፣ በቀላሉም አይፈታም። ኮትና የሱሪ ወገብ ላይ አግድም የሚደረገው በዚህ ምክንያት ነው። ሸሚዝ ላይ ግን ፊት ለፊት ያለው እጥፋት ጠባብ ስለሆነና መስመሩ ቀጥ ብሎ እንዲታይ ስለሚፈለግ ቁልቁል እናደርገዋለን። የሸሚዙ ኮሌታ ላይ ያለው የመጀመሪያው ቀዳዳ ብቻ ብዙ ጊዜ አግድም ነው፤ አንገት የሚጎትተው ወደ ጎን ነውና።

አግድም ቀዳዳ ስትሠሩ ከልብሱ የመሐል መስመር ላይ አትጀምሩ። ወደ ጠርዙ 3 ሚሊሜትር ያህል አልፋችሁ ጀምሩ፤ ቁልፉ ወደ ጫፉ ሲሄድ ልክ መሐል መስመሩ ላይ ያርፋል። ቁልቁል ከሆነ መስመሩን ተከትላችሁ ትሠራላችሁ። ከጠርዙ ያለው ርቀት ደግሞ ቢያንስ የቁልፉን ግማሽ ያህልና ከዚያ ጥቂት ይበልጥ፤ አለበለዚያ ቁልፉ ከልብሱ ጠርዝ ወጥቶ ይታያል።

የወንድ ሸሚዝ ቀዳዳ በግራ በኩል፣ የሴት በቀኝ በኩል ነው፤ ግራና ቀኙ የሚቆጠረው ከለባሹ ነው። የሴት ልብስ ላይ ደግሞ ክፍፍሉን ከላይ ወደ ታች ቆጥራችሁ አትጀምሩ። መጀመሪያ ደረቱ በጣም ሰፊ በሆነበት ቦታ አንድ ምልክት አድርጉ፤ ሌሎቹን ከእሱ ተነስታችሁ በእኩል ርቀት አከፋፍሉ። እሱ ቦታ ላይ ቁልፍ ከሌለ ልብሱ ይከፈታል፤ የለበሰችውም ቀኑን ሙሉ ስትሸፍነው ትውላለች።

ምልክቱን በልብስ ሰፊ ጠመኔ ወይም በቀላሉ በሚመዘዝ ክር አድርጉ። እስክሪብቶ አይነካው። ጠመኔም ቢሆን መጀመሪያ ቁራጭ ላይ ሞክሩት፤ ካውያ ሲነካው ጨርቁ ላይ የሚቀር ቀለም አለ።

ሦስተኛው ነጥብ የጨርቁ ዝግጅት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም የተበላሹ ቀዳዳዎች አብዛኞቹ የተበላሹት መኪናው ሳይነሳ ነው።

የዚግዛግ ስፌት እጅግ የተጠጋጋ ነው። መርፌው ጠባብ ቦታ ላይ ደጋግሞ ይወጋል፣ ክሩም ከግራም ከቀኝም ጨርቁን ወደ ውስጥ ይስባል። አንድ ንብብር የሆነ ስስ ጨርቅ ይህን አይችልም፤ ይሸበሸባል ወይም ወደ ታች ወደ መኪናው ጥርስ ይገባል። ስለዚህ ቀዳዳ የሚወጣበት ቦታ ሁልጊዜ ሁለት ንብብር ይሁን፤ በሁለቱ መካከልም በካውያ የሚለጠፍ ማጠንከሪያ ጨርቅ ይግባ። ማጠንከሪያው ከዋናው ጨርቅ አይወፍር። ስስ ጥጥ ላይ ወፍራም ብትለጥፉ ፊቱ እንደ ካርቶን ይቆማል።

ጨርቁን ማወቅ የግድ ነው። አቡጀዲና የዩኒፎርም ቴትሮን ታዛዥ ናቸው፤ ለጀማሪ እጅ ማፍታቻ ከእነሱ የተሻለ የለም። ካኪና ጂንስ ወፍራም ስለሆኑ 90 ወይም 100 ቁጥር መርፌ ይፈልጋሉ፤ ስስ ጨርቅ ላይ 70 ቁጥር ይበቃል። እንደ ሹራብ የሚለጠጥ ጨርቅ ሲሆን ስትሰፉት አትሳቡት፤ ከሳባችሁት ቀዳዳው አፉን ከፍቶ ይቀራል። ከሥሩ ስስ ወረቀት አስገቡና ከነወረቀቱ ስፉት፤ ስትጨርሱ ወረቀቱ ተቀዶ ይወጣል።

ሽሮ ሜዳ የምትገዙት በእጅ የተሸመነ ጨርቅስ? ድርና ማጉ ላላ ያለ ስለሆነ በጣም የተጠጋጋ ስፌት ይበሳሳዋል እንጂ አይዘውም። ስስ ማጠንከሪያ ለጥፉ፣ የስፌቱን ጎን ሰፋ አድርጉ፣ ጥግግቱንም ትንሽ ቀንሱ። በጣም ስስ ከሆነ ደግሞ ቀዳዳውን ተዉትና ከክር ወይም ከራሱ ጨርቅ የተሠራ ማንጠልጠያ አድርጉለት። ቀዳዳ ለሁሉም ልብስ አይገባም።

ከዚያ መርፌውን ቀይሩ። የደነዘዘ መርፌ ረጅም ስፌት ላይ ላይታወቅ ይችላል፤ ቀዳዳ ላይ ግን ወዲያው ክር ያነሳል። የታች ክሩንም ተመልከቱ፤ ቦቢኑ ላይ የቀረው ጥቂት ከሆነ አሁኑኑ ሙሉት። በቀዳዳ መሐል ያለቀ ክር ሲቀጠል መቀጠሉ ይታያል።

አሁን ወደ ዋናው ምክሬ መጣሁ፤ ቁራጭ ላይ ሞክሩ። ቁራጭ ስል ያገኛችሁትን ብጣሽ ማለቴ አይደለም። ያው ጨርቅ፣ ያው ማጠንከሪያ፣ ያው ንብብር፣ ድሩም በዚያው አቅጣጫ ይሁን። ሞክሩና ቁረጡት። ቁልፉን አስገቡ፣ አውጡ። ከጠበበ የጠበበው ቁራጩ ላይ ነው፤ ሸሚዛችሁ ገና አልተነካም።

አራተኛው ነጥብ፤ መኪናው።

በየቤታችን ያሉትን መኪኖች በሦስት እከፍላቸዋለሁ። የየራሳችሁን ፈልጉ።

አንደኛው ባለ አራት ደረጃ ነው። መዞሪያው ላይ ከ1 እስከ 4 የተጻፉ ቁጥሮች ወይም ትንንሽ የቀዳዳ ሥዕሎች አሉት። የቀዳዳውን እግር ትገጥማላችሁ፣ የስፌቱን ርዝመት ወደ ግማሽ ሚሊሜትር ዝቅ ታደርጋላችሁ። በመጀመሪያው ደረጃ መኪናው አንዱን ጎን ይሰፋል፤ ብዙ ጊዜ የግራውን። ምልክታችሁ ላይ ስትደርሱ ታቆማላችሁ። በሁለተኛው ደረጃ መርፌው እዚያው ቦታ ላይ ግራና ቀኝ እየዘለለ ማሰሪያውን ይሰፋል፤ አምስት ስድስት ምት ይበቃዋል። በሦስተኛው ሌላውን ጎን እየሰፋ ወደ ተነሳበት ይመለሳል። በአራተኛው የመጨረሻውን ማሰሪያ ይሰፋል። መዞሪያውን በምትቀይሩበት ጊዜ ሁሉ መርፌው ከጨርቁ ወጥቶ ወደ ላይ ይነሳ። ጨርቅ ውስጥ እንዳለ ካዞራችሁት መርፌው ወደ ጎን ሊሄድ ይታገልና ይጣመማል ወይም ይሰበራል። ይህች ልማድ ብቻዋን ብዙ መርፌ ታተርፍላችኋለች።

ሁለተኛው ባለ አንድ ደረጃ ነው። እግሩ ረጅም ነው፣ ከኋላው ቁልፍ የሚቀመጥበት ቦታ አለው። ቁልፋችሁን እዚያ ትሰኩታላችሁ፣ መኪናውም ልኩን ከእሱ ይወስዳል። ከመርፌው አጠገብ ከላይ የምትወርድ ትንሽ ዘንግ አለች፤ እሷን እስከ ታች ሳቧት። «ይህ መኪና ቀዳዳ አይሠራም» እየተባለ የሚታማ መኪና ብዙ ጊዜ ዘንጓ ያልወረደችለት ነው። ሥራዋ ቀላል ነው፤ እግሩ ላይ ያሉትን ሁለት ማቆሚያዎች ስትነካ ለመኪናው «እዚህ ጋ ተመለስ» ትለዋለች። ካልወረደች መኪናው መመለሻውን ስለማያውቅ ዝም ብሎ አንዱን ጎን እየሰፋ ይሄዳል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፤ መኪናው የሚለካው የቁልፉን ስፋት ነው እንጂ ውፍረቱን በደንብ አያይም። ቁልፉ ወፍራም ወይም ድብልብል ከሆነ ማስቀመጫውን ትንሽ ለጠጥ አድርጉለት።

ሦስተኛው ያው ጥቁሩ፣ ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ የሚሰፋው ነው። እሱ ያላችሁ አትዘኑ። ለእነዚህ መኪኖች ተብሎ የተሠራ ተገጣጣሚ ዕቃ አለ። መርፌው ወደ ጎን መሄድ ስለማይችል ዕቃው ራሱ ጨርቁን ይዞ ግራና ቀኝ ያንቀሳቅሰዋል፤ የቀዳዳውንም ርዝመት ውስጡ የምትገባ ትንሽ የብረት ቅርጽ ትወስነዋለች። ይህ ሲገጠም የመኪናው ጥርስ መሸፈን ወይም መውረድ አለበት፤ አለበለዚያ ሁለቱ ጨርቁን ለየራሳቸው ይጎትቱታል። ዕቃው ከሌላችሁ በእጅ መሥራትን ልመዱ። እጅ የሠራው ቀዳዳ ከማንም አያንስም፤ ግን ቀድሞ እንደሚቆረጥ አትርሱ።

ሦስቱንም የሚመለከቱ ሁለት ምክሮች ልጨምር። የመጀመሪያው፣ ከማይታየው ቀዳዳ ጀምሩ። ሱሪ ውስጥ የሚገባው የሸሚዙ የታችኛው ቀዳዳ ይቅደም፤ እጃችሁ ሲሟሟቅ ወደ ላይ ውጡ፣ ኮሌታውን መጨረሻ አድርጉት። ሁለተኛው፣ ኮሌታ አጠገብ ስትደርሱ እግሩ ወፍራሙ ስፌት ላይ ወጥቶ ያዘነብላል፤ መኪናውም አንድ ቦታ ቆሞ ክር ይከምራል። የሳሳውን ወገን በታጠፈ ቁራጭ ጨርቅ ከሥሩ ደግፉና እግሩ ጠፍጣፋ እንዲቆም አድርጉት። ጨርቁን ከኋላ በኃይል አትሳቡት፤ የመኪናውን ፍጥነት ዝቅ አድርጉና ራሱ ይውሰደው።

አሁን ስፌቱ አልቋል። ገና አልቆረጣችሁም። ቆም በሉና ተመልከቱት።

የታች ክር ላይ ላዩን ከታየ የላይኛው ክር ጠብቋል፤ ማጥበቂያውን ትንሽ አላሉት። የቀዳዳ ስፌት የሚያምረው የላይኛው ክር ወደ ታች ጥቂት ሲሳብ ነው። አንዱ ጎን ጥቅጥቅ ብሎ ሌላው ሳሳ ካለ ጥፋቱ የእጃችሁ ላይሆን ይችላል፤ አንዱ ጎን ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ ሲሰፋ መኪናው ጨርቁን እኩል አይገፋውም። ብዙ መኪኖች ይህን የሚያስተካክሉበት ትንሽ ብሎን ወይም መዞሪያ አላቸው። ሁለቱ ጎኖች ተጠጋግተው መንገዷ ከጠፋች ደግሞ መቁረጥ የለባችሁም፤ ስፌቱን ራሱን ትቆርጡታላችሁ። የዚህ ሁሉ መድኃኒት አንድ ነው፤ ፍቱት። ከጀርባው በኩል የዚግዛጉን ክር በስፌት መፍቻ እየቆረጣችሁ ከፊት ምዘዙት፣ ተኩሱትና እንደገና ስፉ። ጨርቁ ላይ የቀሩት የመርፌ ቀዳዳዎች አዲሱ ስፌት ሲያርፍባቸው ይሸፈናሉ። እስካልቆረጣችሁ ድረስ ሁሉም ይፈታል።

አምስተኛውና የመጨረሻው ነጥብ መቁረጡ ነው።

በ2008 ዓ.ም. የተመረቀውን የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የጎበኘ ወይም እዚያ የሠራ ሰው መካከላችሁ ሊኖር ይችላል። በልብስ ፋብሪካ ቀዳዳ የሚሠራው መኪና ጎኖቹንና ማሰሪያዎቹን ሰፍቶ ሲጨርስ ስለቱ ራሱ ይወርዳል፤ ሁሉም በጥቂት ሰከንድ ያልቃል። ለሺህ ሸሚዝ ይህ ተገቢ ነው። ግን እዚያ ሠራተኛው ስፌቱን አይቶ «ይህ አይቆረጥ» የሚልበት ጊዜ የለም። እናንተ ግን አላችሁ። ስፌቱ በአንድ በኩል፣ መቁረጡ በሌላ በኩል ነው፤ በመካከሉ የፈለጋችሁትን ያህል መቆየት ትችላላችሁ። የቤት ሰፊ ከፋብሪካ የሚበልጥበት ቦታ ጥቂት ነው፤ አንዱ ይህ ነው።

እንዴት ይቆረጣል? ሁለት እስፒሎች ውሰዱ። አንዱን በላይኛው ማሰሪያ ውስጠኛ ጠርዝ፣ ሌላውን በታችኛው ውስጠኛ ጠርዝ አግድም ሰኩ። ስለታችሁ ቢያመልጥ እስፒሉ ያቆመዋል እንጂ ማሰሪያውን አልፎ ልብሱን አይቀድም። ከዚያ የስፌት መፍቻውን ጫፍ በአንደኛው እስፒል አጠገብ ወደ መንገዷ አስገቡና ወደ መሐል ግፉ፤ መሐል ላይ ስትደርሱ አቁሙ። ዙሩና ከሌላው ጫፍ ጀምራችሁ ወደ መሐል ግፉ። ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው በአንድ ትንፋሽ አትግፉ። መፍቻ የሌላችሁ በአዲስ ምላጭ መሐሉን ትንሽ ክፈቱና ስስ ጫፍ ባለው መቀስ ወደ ሁለቱም ጫፍ ቁረጡ። በጥንቃቄ ይሁን፤ ምላጭ ጣትና ጨርቅ አይለይም።

ከተቆረጠ በኋላ ብቅ ያሉ ክሮች ይኖራሉ። አትንቀሏቸው፤ ከነቀላችኋቸው ሌላውን ይዘው ይመጣሉ። በመቀስ ጫፍ ከሥር ከርክሟቸው። ጨርቁ ቶሎ የሚተረተር ከሆነ ውኃ የሚመስል የጥፍር ቀለም በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ ወስዳችሁ የተቆረጠውን ጠርዝ ብቻ በስሱ አስነኩት። ግን ይህንንም አስቀድማችሁ ቁራጭ ላይ ሞክሩት፤ አንዳንድ ጨርቅ ላይ እድፍ ይተዋል።

ቁልፉን የምትሰፉት አሁን ነው፣ ቀድማችሁ አይደለም። የልብሱን ሁለት ወገን እንደሚቆለፍ አድርጋችሁ ደርቡ፣ በተከፈተው ቀዳዳ በኩል እስፒል ወግታችሁ ቦታውን ምልክት አድርጉ። ቁልቁል ለሆነ ቀዳዳ መሐሉ ላይ፣ አግድም ለሆነ ወደ ጠርዙ በቀረበው ጫፍ ላይ። ልብሱ ወፍራም ከሆነ ቁልፉን ከጨርቁ ጋር አጣብቃችሁ አትስፉት። በቁልፉ ላይ፣ በቀዳዳዎቹ መካከል አንድ የክብሪት እንጨት አስተኙ፤ በእንጨቱ ላይ እያሳለፋችሁ አራት አምስት ጊዜ ስፉ። እንጨቱን መዝዙት፣ ቁልፉን ወደ ላይ ሳቡት፤ ከሥሩ ላላ ያለ ክር ይቀራል። መርፌውን በቁልፉና በጨርቁ መካከል አውጡና ያንን ክር ዙሪያውን ጠምጥሙት፣ በጀርባ ቋጥሩት። ቁልፉ አሁን አጭር አንገት አለው። ወፍራሙ ጨርቅ የሚቀመጠው እዚያ አንገት ላይ ነው፤ ልብሱ ሲቆለፍም አይሸበሸብም።

ክቡራንና ክቡራት፣ አምስቱን ነጥቦች ጨርሻለሁ። ቀዳዳ ሁለት ጎንና ሁለት ማሰሪያ ነው፤ ልኩ ስፋትና ውፍረት ተደምሮ ነው፤ ጨርቁ መኪናው ሳይነሳ ይጠንክር፤ መኪናችሁ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ እወቁ፤ የመጨረሻው ደግሞ መቁረጡ ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የተናገርኩትን ሁሉ ብትረሱ ቅደም ተከተሉን አትርሱ። «አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚባለው አባባል ለብዙ ነገር ይጠቀሳል፤ ለቁልፍ ቀዳዳ ግን ቃል በቃል ይሠራል።

ለተመራቂዎች አንድ ነገር ልጨምር። ነገ ደንበኛ ይመጣባችኋል። ልብሱን ሰፍታችሁ ቀዳዳውን ለሌላ ሰው የምትልኩ ከሆነ ገንዘቡንም የደንበኛውንም ጊዜ አብራችሁ ትልካላችሁ። ልካችሁም ቢሆን የተበላሸው ቀዳዳ የሚቆጠረው በእናንተ ነው። እያንዳንዳችሁ አንድ ረጅም የአቡጀዲ ቁራጭ ያዙ፣ ማጠንከሪያ ለጥፉበት፣ ከላይ እስከ ታች ቀዳዳ ደርድሩበት። የክሩን ማጥበቂያ፣ የስፌቱን ርዝመት፣ የመርፌውን ቁጥር በየቀዳዳው አጠገብ ጻፉ። ያ ቁራጭ የመኪናችሁ መዝገብ ይሆናል፤ ቀጣዩን ሸሚዝ ስትጀምሩ ከግምት ሳይሆን ከእሱ ትነሳላችሁ።

ጠረጴዛው ላይ መኪኖች ተሰክተዋል፣ ጨርቅም ክርም አለ። ጥያቄ ያላችሁ ከመቀመጫችሁ ሳይሆን ከመኪናው አጠገብ ብትጠይቁኝ እመርጣለሁ፤ እየሰፋን እንነጋገር። መፍቻውን ግን እኔ ይዤዋለሁ፤ ስፌታችሁን አይታችሁ «ይቆረጥ» ስትሉ ትወስዱታላችሁ።